የእማዬ መሸኛ

ማስታወቂያው መሥሪያ ቤታችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሰኞ ጠዋት ነው። የወረዳው ሠራተኛ በሚያገለግልበት ሰፈር እንዲኖር ለማበረታታት አምስት የቀበሌ ቤቶች ተዘጋጅተዋል ይላል። ከታች በትንንሽ ፊደል፣ አመልካቹ የወረዳው ነዋሪ መሆን አለበት የሚል ተጨምሮበታል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እዚሁ የሚኖር ሰው ቤቱን ምን ያደርግለታል ብዬ ተናደድኩ።

እኔ ካዛንቺስ ተወልጄ ካዛንቺስ ያደግኩ ነኝ። ነዋሪዎች ምዝገባ መስኮት ላይ ከተቀመጥኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሰፈራችን ለልማት ሲነሣ ሥራዬ ጎረቤቶቼን መሸኘት ሆነ። ወረዳ የሚቀይር ሰው መሸኛ ይይዛል፤ መሸኛ ከያዘ በኋላ የእኛ ነዋሪ አይደለም። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ረጋሳ መስኮቴ ላይ ቆመው፣ "አንቺስ አውጥተሻል?" አሉኝ። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ሁሉ አፍ አፌን ያየኛል። አፈርኩ። የራሴንና የእማዬን መሸኛ እዚያው ፊታቸው ጽፌ ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ ማንም አላንገራገረም።

አሁን የምንኖረው ከተማው ጫፍ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራ የምገባው በሦስት ታክሲ ነው። እማዬ ልቧ ደካማ ስለሆነ ደረጃ አትወርድም። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትቻት ወጥቼ ማታ በሁለት ሰዓት እመለሳለሁ። "እጸገነት፣ ዛሬ በሩ አንድም ጊዜ አልተንኳኳም" ትለኛለች፤ ስታማርር ሳይሆን የቀኑን ወሬ ስትነግረኝ ነው። ካዛንቺስ ሳለን በራችን ቀን ተዘግቶ አያውቅም። በምሳ ሰዓት ደግሞ ሮጥ ብዬ አያት ነበር።

ከጎኔ ያለው መስኮት የሔኖክ ነው። የሚኖረው ለገጣፎ ቢሆንም መሸኛ አውጥቶ አያውቅም።

"አምስቱ ውስጥ ገባሁ እኮ" አለኝ። "አንቺም ትችያለሽ። እዚህ የቀረውን የመሸኛውን ቅጂ ከፋይላችሁ ታወጪዋለሽ፣ በቃ፣ አልሄዳችሁም ማለት ነው። ማን ያያል?"

"እኔ አያለሁ።"

"አታካብጂ ባክሽ። ለማዘር ስትይ ነው።"

ለእማዬ ስል ፋይሉን አወጣሁ። ስፒሉን ነቅዬ ቅጂውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ጋሽ ረጋሳ ትዝ አሉኝ። ያን ሁሉ ሰው በፊርማዬ አሰናብቼ እኔ በጓሮ ልመለስ? አውጥቼ ቦታው መለስኩት። ያን ቀን በራሴ ኮርቼ ቤት ገባሁ። ለእማዬ ግን ምንም አልነገርኳትም።

ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እማዬ ደወለች። "ደረቴን ያዝ አደረገኝ፤ ግን አትቸኩዪ" አለች። ምሳ በልተሽ ይሆን ወይ ብላም ጠየቀችኝ። እየሮጥኩ ወጣሁ። ዝናቡ ይወርዳል። አምቡላንስ ጠራሁ፤ እሱም እንደኔው መንገድ ተዘጋበት። ከብሎካችን የምደውልለት አንድ ሰው አልነበረኝም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የማንንም ስልክ አልያዝኩም። በሩን ስከፍት አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። እማዬ ነጠላዋን ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እጇን ስይዘው ቀዝቅዟል።

ከሠልስቱ በኋላ ሞቷን ላስመዘግብ የምንኖርበት ወረዳ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ኢኽላስ እንደምትባል ደረቷ ላይ ካለው ባጅ አነበብኩ። የእማዬን ፋይል አውጥታ ከፈተችው። መጀመሪያ የታየኝ ያ መሸኛ ነው። "ወይዘሮ ሙሉነሽ ከወረዳችን ነዋሪነት የተሰረዙ መሆናቸውን እንገልጻለን" ይላል፣ በእኔው የእጅ ጽሑፍ።

"ስንቱ የተበላሸ ወረቀት ይዞ እየመጣ ይንገላታል" አለች ኢኽላስ፤ ልታጽናናኝ መሰለኝ። "የእሳቸው ምንም አልጎደለውም። እንዲህ አጣርቶ የሠራው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አልኳት።