የቆመው ሚኒባስ ጭስ

ሀይማኖት አዲስ ቅዳም ከተማ ታድራለች፤ እንጅባራ ትሠራለች። እንጅባራ የቤት ኪራይ የሚቀመስ ስላልሆነ ጧትና ማታ በሚኒባስ ትመላለሳለች። የተቀጠረችው ለሙከራ ነው። ትናንት አለቃዋ፣ «አንድ ቀን ደግመሽ ብታረፍጂ ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» ብሏታል።

ዛሬ ማልዳ መናኸሪያ ደረሰች። የሹፌሩ የውቤ ሚኒባስ ሞተሩ እየሠራ ቆሟል። ከኋላው ጥቁር ጭስ ይትጎለጎላል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ተሳፋሪው አጥሩ ጥግ አፍንጫውን በነጠላ ሸፍኖ ይጠብቃል።

ሀይማኖት ነገር ሲገርማት ሳትጠይቅ አታልፍም።

«አያ ውቤ፣ ካልሄዱ ሞተሩ ለምን ይሠራል?»

«ካጠፋሁትማ የማልሄድ መስሎት ሰው ሌላ መኪና ይገባል። ድምፁ ነው ሰው የሚጠራልኝ።»

«የጠራው ሰው የታለ ታዲያ?»

ውቤ መስተዋቱን መወልወል ጀመረ።

እሷ ወደ አጥሩ ሄዳ የከሰል ነጋዴዋን እትዬ ዋጋዬን፣ «ለምን አይገቡም?» አለቻቸው።

«ልጄ፣ እኔ ከሰል ሳከስል የኖርሁ ነኝ፤ ጭስ ጠግቤያለሁ። ሲሞላ እገባለሁ።»

ከጎናቸው ያለውም «ሲሞላ» አለ። የሚቀጥለውም እንዲሁ።

ሀይማኖት ነገሩን በሆዷ አመላለሰችው። ሰው ጭሱን ሸሽቶ መኪናው እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ውቤ ደግሞ መኪናው እስኪሞላ ያጨሳል። ነዳጁ መንገድ ሳይሄድ ያልቃል፣ ጭሱ ለከተማው ይተርፋል፣ እሷም ታረፍዳለች።

ተመልሳ፣ «እስቲ ያጥፉትና እንየው» አለችው።

«ሰው ቢሸሽብኝስ?»

«የሚሸሸው ሰው መቼ ገባና?»

ውቤ ፈገግ ብሎ አጠፋው። ጭሱ ሲሳሳ እትዬ ዋጋዬ ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው አውርደው ገቡ። ሌላውም ተከተላቸው፤ ብዙም ሳይቆይ መኪናው ሞላ።

ውቤ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ጠቅ ብሎ ዝም አለ።

«ለካ የማያጠፉት ለዚህም ኖሯል» አለች ሀይማኖት።

«ማስነሻው ከታመመ ቆይቷል» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ሁሉም ወርደው ጭቃውን እየረገጡ ገፉ። «ጭስ ሸሽተን ገፊ ሆነን አረፍነው» አሉ እትዬ ዋጋዬ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እየገፉ። መኪናው ቁልቁለቱን ሲይዝ ተነሣ።

ሀይማኖት ስትደርስ አለቃዋ ገና የቢሮውን በር እየከፈተ ነበር። ጭቃ የለበሰ ጫማዋን አየ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«መኪናው ስለጠፋ ነው በጊዜ የደረስሁት።»

በማግስቱ ውቤ ሚኒባሱን ቁልቁለቱ አፍ ላይ አጥፍቶ አቆመው፤ ሰዎችም ውስጡ ተቀምጠው ይጫወቱ ነበር። ሀይማኖት ልትገባ ስትል እዚያ ማዶ ሌላ ባዶ ሚኒባስ ሲያጨስ አየች። ቦታ እንዲይዙላት ቦርሳዋን ለእትዬ ዋጋዬ ሰጥታ ወደዚያኛው ሹፌር አመራች።