ሳይሰፋ የተመለሰ ጨርቅ

ልብስ ሰፊዋ ሳታንኳኳ በሩን ገፍታ ገባች። ባልንጀራዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። "እትዬ፣ እናቴ ወደ ሕክምናው አልሄድም ብላለች፤ እባክዎ እርስዎ ያናግሯት" ብላ ሱቅ ድረስ መጥታ የለመነቻት የበሽተኛዋ ልጅ ናት። ምስኪን፣ ማንን እንደለመነች አታውቅም።

ሁለቱ አንድ ሱቅ ውስጥ አብረው ያረጁ ሰፊዎች ናቸው። ሰፊዋ ካንሰር ይዟት የተኛች ጊዜ ይህቺው ባልንጀራዋ ጨርቋን ሰብስባ ለየደንበኛው መለሰችባት። በሙያቸው የተቀበሉት ጨርቅ ሳይሰፋ የሚመለሰው ሰፊው ሲሞት ብቻ ነው። ደንበኞቿም ነፍስ ይማር ብለው ጨርቁን እንድትሰፋላቸው እዚያው ለባልንጀራዋ ሰጡ። በቁሟ ቀበሯት።

ከአልጋ ያስነሳት ንዴቱ ነው። ኬሞው ፀጉሯን ሲያረግፈው፣ ምግብ አልረጋ ሲላት፣ እሷን ደስ አይበላት እያለች አንድም ቀጠሮ ሳታጓድል ጨረሰች። ሐኪሙ ያዳነሽ መድኃኒቱ ነው፣ ቂም ዕጢ አያከስምም ቢላት፣ መድኃኒቱ ጋ ያመላለሰኝስ ቂሙ አይደል ብላ መለሰችለት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እዚያው ሱቅ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ይሰፋሉ።

አሁን ተራው የባልንጀራዋ ሆነ። ሰፊዋ መንገዱን ሁሉ ደስ እያላት ነው የመጣችው። ያንን የተኛ ጀርባ ስታይ ግን ደሟ ፈላ። እንዲህ በቀላሉ ልታመልጣት ነው።

"ለመሞት ከቆረጥሽ አላስቸግርሽም" አለቻት። "ጨርቅሽን ለደንበኞችሽ ልመልስልሽ ብዬ ነው።"

በሽተኛዋ ብርድ ልብሱን ወደ ጆሮዋ ሳበችው።

"ሰፍተሽ ካልጨረስሽው የሙሽራዋ ቀሚስ እጀምራለሁ።"

"እሱን እንዳትነኪ" አለች በሽተኛዋ፣ ሳትዞር።

"ማን ሊከለክለኝ? አንቺ እኮ ሞተሻል።"

ባልንጀራዋ ተገላበጠች። "ይቅርታ ጠይቄሻለሁ።"

"እኔ ይቅር አላልኩሽም።"

"ቆይ ልዳንና አሳይሻለሁ" አለች ጥርሷን ነክሳ። በክርኗ ተደግፋ እንደምንም ቁጭ አለችና በሩ ላይ የቆመችውን ልጇን ጫማዋን እንድታመጣላት አዘዘቻት።

ልጅቷ ሰፊዋን በር ድረስ ሸኘቻት። "እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። የእውነትዎን ግን አይመልሱትም አይደል?" አለቻት ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሰፊዋ ቆም አለች። ማስፈራራቱ ለዛሬ በቅቷል። ሕክምናው ግን ወራት እንደሚፈጅ፣ ሰው መሀል ላይ ተስፋ እንደሚቆርጥም እሷ ታውቃለች። ደግሞም ሆዷ ገና አልበረደላትም።

"እመልሰዋለሁ" አለቻት። "ሐኪሙ ጨረስሽ እስኪላት ድረስ ትጥላኝ።"

ሱቅ ገብታ ቁጭ እንኳ ሳትል የሙሽራዋን ቀሚስ ከመስቀያው አወረደችው።