ሃያ ከሃያ

መንግሥት ዕቅድ ሲያወጣ አሳምሮ ነው። ያን ሰሞን በሬዲዮ የተነገረው ደግሞ እውነትም ያማረ ነበር፤ በጦርነት የተጎዳ ሁሉ በዓመት ውስጥ ቤቱ ድረስ ባለሙያ ይሄድለታል፣ ራሱን መቻል ያቃተው ረዳት ነርስ በሳምንት አራት ቀን ይመደብለታል፣ ስለ ጉዳቱ የሚጠየቀውም ራሱ ነው እንጂ ሌላ ሰው አይናገርለትም። ይህችን የመጨረሻዋን ሲሰማ ሃምሳ አለቃው ከትራሱ ቀና ለማለት ሞከረ። ከዓመታት በፊት፣ እግሩ ጨርሶ ሳይከዳው፣ በጉዳተኞች ማኅበር ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ስለ እኛ እኛኑ ጠይቁን ያለው እሱ ነበር።

ሚስቱ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰፊዋ እያለ የሚጠራት፣ ጆሮዋ ውስጥ የቀረው ግን የነርሷ ነገር ብቻ ነው። ስፌት መኪናዋን አቁማ «በሳምንት አራት ቀን» አለች ለራሷ።

ምክንያት ነበራት። በተጋቡ በዓመቱ ባሏ ወገቡ ላይ ፍንጣሪ ገባበት። ብዙ ዓመት በከዘራ ኖረ፤ ከስድስት ዓመት ወዲህ ግን ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም። የምታነሳው፣ ገላውን የምታጥበው፣ ለሽንት የምታወርደው እሷ ናት። ልጅ አልወለዱም። በዚህ መሀል ብሽሽቷ ላይ ጡጫ የሚያህል እብጠት ወጣባት። ሐኪሙ ቧ ነው፣ አንጀት ሾልኮ ነው፣ ተከፍቶ መሰፋት አለበት አላት። ስፌት ከሆነማ እኔው እሰፋዋለሁ ብላ ልታስቀው ሞከረች፤ ሐኪሙ አልሳቀም። ከተሰፋች ሁለት ወር ሙሉ ከባድ ነገር እንዳታነሳ፣ ካልተሰፋች ደግሞ አንድ ቀን አንጀቷ ታንቆ እንደሚገድላት ነገራት። ሁለት ወር ሙሉ ባሏን ማን ያንሳው? ለእሱ አልነገረችውም። ዝም አይነቅዝም ብላ ዋጠችው።

ባለሙያው ቤት የሚመጣበት ቀን ሲደርስ ታዲያ ምን አደረገች? በጠዋት ተነስታ ገላውን አጠበችው፣ ጢሙን ላጨችው፣ አንሶላውን ቀየረች፣ መስኮቱን ከፍታ ሽታውን አስወጣች። የሽንት ዕቃውን የጨርቅ ቁርጥራጭ ከምታስቀምጥበት ቁምሳጥን ውስጥ ከተተችው። የወታደር ኮቱን ተኩሳ ከነሜዳሊያው አለበሰችው። እብጠቷን በጨርቅ ጠፍራ አነሳችውና መስኮቱ ሥር፣ በቆርቆሮ ከተከለችው አበባ አጠገብ፣ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፤ ይህን ልማድ በአንድ ጠዋት እንዴት ትርሳው? ባሏም ቆሽሾ እንዲታይባት አልፈለገችም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያለች ለሰው ስትተርት የኖረች ሴት፣ የራሷን ቤት በሽታ በገዛ እጇ ደበቀችው።

የመጣችው ነርስ ልጅ እግር ናት፣ ትሑት። በር ላይ ለሰፊዋ ሁሉንም አስረዳቻት፤ ጥያቄው አሥር ነው፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ነጥብ አለው፣ ከአሥራ ሁለት በታች ያገኘ ረዳት ይመደብለታል። ድምፅ ስለሚቀዳ እማማ እርስዎ እንዳይመልሱ ብላ ለመነቻት። ከዚያ ገብታ ታብሌቷን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

«ሃምሳ አለቃ፣ ከአልጋ ራስዎን ችለው ይነሳሉ?»

ሃምሳ አለቃው ደረቱን ነፋ። በወጣትነቱ መኮንን መጥቶ እንዴት ናችሁ ሲል መልሱ አንድ ብቻ ነበር፤ እግሩ የተቆረጠውም ያንኑ ነው የሚለው።

«ችግር የለም» አለ።

ልብስስ? ችግር የለም። ሽንት ቤትስ? ችግር የለም። ሰፊዋ አሳለች፣ ዓይኗን አፈጠጠችበት፤ እሱ ወይ ፍንክች። ነርሷ አንዴ የጫማውን ሶል አየች። ስድስት ዓመት መሬት ያልረገጠ ጫማ ነው፤ ገብቷታል። ታብሌቱ የሚቀዳው ግን የሰውዬውን ድምፅ ነው። አሥረኛው ጥያቄ ሲያልቅ ሃምሳ አለቃው በተማሪነቱ አይቶት የማያውቀውን ማርክ አገኘ፤ ሃያ ከሃያ።

ሰፊዋ ከዚህ በላይ አልቻለችም።

«የማነሳው እኔ ነኝ» አለች። «የማጥበው እኔ ነኝ። አሁን እዚህ ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ። ቧ ይዞኛል፤ ካልተሰፋሽ ትሞቻለሽ ተብያለሁ። እሱን ለማን ጥዬ ልተኛ?»

ይህን ብላ አለቀሰች። ያስለቀሳት የራሷ ሕመም ብቻ አይደለም፤ ባሏን በሰው ፊት ማዋረዷ ነው።

ሃምሳ አለቃው ሚስቱን እንደ አዲስ አያት። አንገቷን፣ ክንዶቿን፣ ጨርቅ የጠፈረችበትን ወገቧን አየ። ወደ ነርሷ ዞረና ሪፖርቱን ማረም እንደሚፈልግ ተናገረ። ሰፊዋ እንባዋን ጠረገች።

«እዚህ ቤት ቁስለኛ አለ» አለ። «እሷ ናት። እሷን ውሰዱልኝ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ደህና ነኝ።»

ነርሷ ስለ ሚስት የሚጠይቅ ቦታ ፈለገች፤ የለም። ሌላ አስተያየት በምትለው ጠባብ ሳጥን ውስጥ የቻለችውን ያህል ጻፈች። ስትወጣ የሰፊዋን እጅ ይዛ ቀጣዩ ዙር ለከርሞ መሆኑን ነገረቻት፤ የራሷም ዓይን ቀልቶ ነበር። ግን በዚያን ቀን ገና ስድስት ቤት ይቀራታል።

ሰፊዋ ተመልሳ በትዳር ዘመኗ ጮኻ የማታውቀውን ጩኸት ጮኸችበት። ለምን ዋሸህ፣ ምን አደረግኩህ አለችው። እሱ ሜዳሊያውን እየነካካ ሁሉንም ሰማ።

«በፊት የመለስኩት አፌ ለምዶት ነው» አለ። «ኋላ ግን ቃሬዛው አንድ ነው ብዬ ነው። ሁለት ቁስለኛ ካለ አንዱ ደህና ነኝ ማለት አለበት። እንደዚያ ነው የተማርነው። ላንቺ ይሁን ብዬ ነው።»

አንጀቷን በላት። ትንሽ እንኳ ተቆጥታ እንዳይወጣላት ንዴቷን ወሰደባት።

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። ሃምሳ አለቃው ራሳቸውን ችለው በመገኘታቸው ቢሮው የተሰማውን ደስታ ይገልጻል። ማኅተሙ ያማረ ነው።

ከዚያ ወዲህ በቀን አምስቴ የሚነሳው ሃምሳ አለቃ ሦስቴ፣ ቀጥሎ ሁለቴ፣ ኋላም አንዴ ብቻ አንሺኝ ይል ጀመር። ሰፊዋ እግዜር አዘነልኝ አለች። ከንፈሩ ሲሰነጣጠቅ ንፋሱ ነው ብላ ቅባት ቀባችው። ከአልጋው ራስጌ ያለው የመስኮቱ አበባም ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ጠምቶት ይሆናል ብላ ጠዋት ጠዋት ታጠጣዋለች፤ እሱ ግን ይባስ ብሎ ይጠወልጋል።

አንድ ቀን ጧት ወደ ፀሐይ ላስጠጋው ብላ ቆርቆሮውን ስታነሳ እጇ ራሰ። አፈሩ ጭቃ ሆኗል፣ ሥሩ በስብሷል። ከጎኑ ቅድም ለባሏ የሞላችው ብርጭቆ ባዶውን ተቀምጧል። ብርጭቆውን አየች፣ የባሏን ከንፈር አየች። እሷ ማድ ቤት በገባች ቁጥር ውሃውን አበባው ላይ ሲደፋ ከርሟል። ካልጠጣ አይሸናም፤ ካልሸና አታነሳውም።

ብርጭቆውን ሞልታ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«አልጠማኝም» አለ።

«ጠጣ።»

«ከጠጣሁ ታነሺኛለሽ።»

«አነሳሃለሁ። ጠጣ፤ ትእዛዝ ነው።»

ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣ፤ ጥሙ ግን አጋለጠው፣ ብርጭቆውን ሁለቴ አስሞላት። እሷም ከስፌት መኪናዋ ኋላ ምንም ሳትሰፋ ተቀምጣ ጠበቀች። ወደ እኩለ ቀን ገደማ «አንሺኝ» አላት፣ አንገቱን ደፍቶ።

ጨርቁን ብሽሽቷ ላይ አጥብቃ ጠፈረች፣ ክንዱን አንገቷ ላይ አዞረች። አንድ፣ ሁለት ብለው አብረው ቆጠሩ። ሦስት ሲሉ አነሳችው።