የኬኩ ወፍራም ጎን

በዚያ ቤት የገና ኬክ እኩል ሆኖ ወጥቶ አያውቅም። በአንድ ጎኑ እንደ ትራስ ያብጣል፣ በሌላው ጎኑ ደግሞ ሟሽሾ ዳር ዳሩ ይደርቃል። ሌላ ቤት ቢሆን ሰው ስቆበት ይበላው ነበር። እዚህ ቤት ግን ከምንም ነገር ላይ ፍርድ ማውጣት የሚችልበት አባት ነበረ። ኬኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ሳህኑን በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ አዙሮ የፈለገው ጋ ያቆመዋል። ወፍራሙ ጎን ፊቱ የቆመለት ልጅ የዓመቱ ምርጥ ነው። ቀጭኑ የደረሰው የዓመቱ ጥፋተኛ ነው፤ ደረቁን ቆርጥሞ፣ ዕቃውን አጥቦ፣ እስከሚቀጥለው ገና በቤቱ ጉዳይ አፉን አይከፍትም። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ቀልዱ ውሎ ሲያድር ሕግ ሆነ፣ ሕጉም ሦስት ልጆችን ዓይንና ናጫ አድርጎ አሳደገ።

ዘንድሮ አባት የለም፤ ከጥቂት ወራት በፊት ሞቷል። ታላቁ ልጅ፣ ፋርማሲስቱ፣ የገና በዓል ሳይደርስ ለእህቶቹ እየደወለ «ሳህኑን የማዞረው እኔ ነኝ» ብሎ አሳውቋል። ቀጭኑ ለማን እንደሚደርስ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም ነበር። መካከለኛዋ እህት የወለል ንጣፍ ሠራተኛ ናት። አባቷ ሲያጣጥር ሌላ ከተማ የሆቴል ወለል እያነጠፈች ነበር፣ የደረሰችውም ከቀብር በኋላ ነው። ወንድሟ ይህን ነገር እንደ ማስቲካ ሲያኝከው ከርሟል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ደረቁን በልታ ወደ ሥራዋ ትመለስ ነበር። ዘንድሮ ግን እናቷ በስልክ አልቅሳባታለች። ፋርማሲስቱ እናታቸውን ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል አስገብቶ ቤቱን ሊያከራይ አስቧል። እንዲህ ያለው ጉዳይ የሚወሰነው በገና ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ሦስቱም ልጆች እሺ ካላሉ አይሆንም፤ ይህም የአባትየው ሕግ ነው። ቀጭኑ የደረሰው ግን ከቁጥር አይገባም።

«ከቤቴ አታስወጡኝ፤ ያለሽኝ አንቺ ነሽ» ብላታለች እናቷ።

ስለዚህ የገና ዕለት ጠዋት ከሁሉም ቀድማ መጣች። ቦርሳዋ ውስጥ ውሃ ልኳን፣ አንድ መፍቻና ጥቂት ስስ የእንጨት ሽብልቆች ይዛለች። ኬኩ ለምን እንደሚያጋድል ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል፤ የወጥ ቤቱ ወለል ወደ መስኮቱ ሰምጧል ይባላል። ወለል ደግሞ የእሷ ሥራ ነው። ከምድጃው እግር ሥር ሽብልቅ ትሸጉጣለች፣ ኬኩ እኩል ይወጣል፣ ወንድሟም የሚያዞረው ነገር ያጣል። ቀጭን ጎን ከሌለ ዝም የሚል ሰውም የለም።

እናቷ እንቁላል ልትገዛ ስትወጣ ጠብቃ ተንበረከከችና ውሃ ልኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። በመስታወቱ ውስጥ ያለችው አረፋ መሐል ላይ ቆመች። መሣሪያው ተሳስቶ ይሆናል ብላ ጫፍና ጫፉን አቀያይራ ደገመች። አሁንም መሐል። ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጋ ለካች፣ ወደ በሩም ለካች። ወለሉ አልሰመጠም። ከዚያ ውሃ ልኩን አንስታ ምድጃው ላይ ስታስቀምጠው አረፋዋ ወደ በሩ በኩል ሸሸች።

መሬት ላይ በሆዷ ተኝታ የምድጃውን እግሮች አየች። አራቱም ጫፋቸው ላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ብሎን አላቸው። በበሩ በኩል ያሉት ሁለቱ በአሮጌ ቀለምና በቅባት ተጣብቀው ደርቀዋል፣ ሰው ነክቷቸው አያውቅም። በመስኮቱ በኩል ያሉት ሁለቱ ግን ጥርሳቸው ያበራል። ዘይት ተቀብተዋል። ጎናቸው ላይ መፍቻ የነከሰው ምልክት አለ፣ አንዳንዱ ዝጎ የጠቆረ፣ አንዳንዱ ገና አዲስ።

«ምን ፍለጋ ነው እንደ ድመት ምድጃ ሥር የተጋደምሽው?»

እናቷ እንቁላሉን በፌስታል ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ይህን ብሎን ማነው የሚያዞረው?»

«የቱን ብሎን?»

«እማዬ፣ ዘይት ተቀብቷል።»

እናቷ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ እያወጣች ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ደረደረች። አንዱ ተሰንጥቆ ስለነበር ለይታ አስቀመጠችው።

«እኔ ነኝ» አለች። «ምን ልትሆኚ ነው?»

ልጅቷ ከወለሉ አልተነሳችም።

«መጀመሪያ ምድጃውን የተከለልን ሰውዬ ነው ያጣመመው» አለች እናቷ፣ ዱቄቱን ወንፊት ላይ እየገለበጠች። «አባትሽ በኬኩ ሳቀ፣ ያንን ጨዋታውንም አመጣ። በዓመቱ ሰውየው ተመልሶ አቀናው። ኬኩ እኩል ወጣ። አባትሽ ሳህኑን አዞረ፣ አዞረ፣ የሚሰጠውም የሚነሳውም አጣ። ያን ቀን የሆነውን አንቺ አታስታውሺውም፣ ጡት አልጣልሽም ነበር። ኬኩ እዚያ ግድግዳ ላይ ነው ያረፈው። ሳህኑም አብሮ። ከዚያ ወዲህ ገና ሲደርስ ዝቅ አደርገዋለሁ፣ ገና ሲያልፍ አቀናዋለሁ።»

«ሲያልፍ ታቀኚዋለሽ?»

«ታዲያ የእሁድ ዳቦ እንዴት የሚወጣ መሰለሽ? እኩል ነው። ሁልጊዜም እኩል ነው። ይኸን ሁሉ ዓመት ስትበሉት አንዳችሁም ለምን ብላችሁ አልጠየቃችሁም። አንቺም ጭምር፣ በየሰዉ ቤት አረፋ ስታዪ የምትውዪው።»

እውነቷን ነው። ያ ዳቦ በየሳምንቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ክብ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት ያለው። በልታዋለች፣ ቆርሳ ለሌሎችም ሰጥታለች። የገናው ኬክ ሲያጋድል ወለሉን ሰደበች እንጂ ሁለቱ ከአንድ ምድጃ እንደሚወጡ አስባ አታውቅም።

«አባዬ ሞቷል» አለች። «ዘንድሮስ ለማን ብለሽ ነው ዝቅ ያደረግሽው?»

«ወንድምሽ አለ አይደል? ቁጣው ቁርጥ አባቱን ነው።»

«ቀጭኑ ለእኔ እንደሚደርስ እያወቅሽ?»

«አውቃለሁ።»

«አልቅሰሽ ጠርተሽኝ፣ አፌን ልታስዘጊኝ? ማን ሊናገርልሽ ነው?»

«ትንሿ ትናገርልኛለች። እሷን ይሰማታል። አንቺ ከተናገርሽ ለእልህ ሲል ነው የሚያስወጣኝ።»

«ታዲያ እኔን ለምን ጠራሽኝ?»

እናቷ ወንፊቱን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። የቀረው ዱቄት ወረደ።

«ቀጭኑን የሚወስድ ሰው ያስፈልጋል» አለች፣ ስለ ቀረፋ እንደምታወራ ሁሉ በተራ ድምፅ። «አንቺ ካልመጣሽ ለትንሿ ይደርሳታል። እሷ አትችለውም፣ ትሰበራለች። አንቺ ለምደሽዋል።»

ንጣፍ ሠራተኛዋ መፍቻውን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ተይው» አለች እናቷ።

«አልተወውም።»

«ተይው ብዬሻለሁ። የማታውቂውን ነገር ነው የምትነካኪው። ሁላችሁም እኩል የተቀመጣችሁ ቀን ተያይዛችሁ ወደ እኔ ነው የምትዞሩት።»

ብሎኑ ሳያንገራግር ዞረ። መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፤ እያዞረች እየለካች፣ እየለካች እያዞረች፣ አረፋዋ መሐል እስክትገባ ድረስ። እናቷ ከበላይዋ ቆማ ሊጡን ታማስላለች። ማንኪያው ከሳህኑ ጋር ሲጋጭ ከወትሮው ይበልጥ ይጮሃል። ዘቢቡን ጨመረች፣ የብርቱካን ልጣጩን ጨመረች፣ መጋገሪያውን ቅቤ ቀባች። በመጨረሻ ሊጡን ገልብጣ ምድጃው ውስጥ አስገባችና በሩን በጉልበቷ ገፍታ ዘጋችው። 

በምሳ ሰዓት ፋርማሲስቱ አዲስ ኮት ለብሶ መጣ። ትንሿ እህት፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ የእናቷን ሁለት ጉንጭ ሳመችና ለእህቷ እጇን ዘረጋችላት።

«እትዬ፣ ደግሞ በሲሚንቶ ልብስ መጣሽ?»

«ታጥቧል።»

«ታጥቦም ሲሚንቶ ነው» አለ ወንድሟ። «ውሃ ልክ ዛሬ እንኳ ሰዓቷን ጠብቃ ደርሳለች፣ ተመስገን ነው። ለቀብር ነው የሚከብዳት።»

«ውሃ ልክ» አባታቸው ያወጣላት ስም ነው።  ምሳው ተበላ፣ ሳህኖቹ ተነሱ፣ ኬኩ ቀረበ። ወንድሟ ወደ አባቱ ወንበር ተሻገረና እጅጌውን ሰብሰብ አድርጎ ሳህኑን በሁለት ጣቱ ያዘ። ማዞር ጀመረ። አንድ ዙር ዞረ። ዝቅ ብሎ በጎን አየው። እንደገና አዞረው። ትንሿ መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

«ምን ያስቅሻል?»

«ጋሼ፣ ራስህን አዞርከው እኮ።»

«ኬኩ ምን ሆኖ ነው?»

«እሷን ጠይቃት» አለች እናታቸው በአገጯ እያመለከተች። «ጠዋት ምድጃዬን ስትፈታ ነበር።»

ፋርማሲስቱ ሳህኑን ለቀቀ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ፣ ድምፁን ግን አላነሳም፤ ከአባቱ የሚለየው በዚህ ብቻ ነበር።

«ፈርተሽ ነው አይደል?» አለ። «የሠራሽውን ስለምታውቂ። አባቴን አልጋ ላይ ያገላበጥኩት እኔ ነኝ፣ ያጠብኩት እኔ ነኝ። አንቺ የሆቴል ሽንት ቤት ታነጥፊ ነበር። አሁን ደግሞ ብሎን አዙረሽ ከእኔ እኩል ልትሆኚ?»

«አዎ» አለች። «እኩል ነኝ። ጥያቄህን ጠይቅ።»

«አልጠይቅሽም።»

«እኔን ሳትጠይቅ ቤቱን ማከራየት አትችልም። ሕጉ የአንተም የእኔም አባት ሕግ ነው። ቀጭን የደረሰው ሰው የለም።»

 ፋርማሲስቱ ቢላውን አነሳና ኬኩን ከመሐሉ ለሁለት ከፈለው፤ በተቆረጠው ፊት ላይም ቀጭን ቦታ ፈለገ፣ አጣ።

«ይሁን» አለና ወደ ትንሿ ዞረ። «አንቺ ምን ትያለሽ? እማዬ እኔ ጋ ትግባ ወይስ እዚህ ብቻዋን ትቀመጥ?»

እናታቸው እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ትንሿን አየቻት። የሚተማመን ሰው አስተያየት ነበር።

ትንሿ የጥፍር ቀለሟን ተመለከተች። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጋሼ። ጠብ አልፈልግም። ከሰኞ እስከ ሰኞ ሥራ ላይ ነኝ፣ እዚህ መጥቼ ላያት አልችልም። አንተ ያልከው ይሁን።»

እናትየው ፊቷ አልተለወጠም። ጣቶቿ ብቻ ተፈቱና የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ ያዙ። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ መካከለኛዋ ዞረች። ንጣፍ ሠራተኛዋ ያንን ልመና በስልክ ሰምታው ነበር፣ በዓይኗ ስታየው ግን የመጀመሪያዋ ነው። ስትለምን ዓይኗ እንዲህ ነው ለካ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «አይሆንም» ብትል ወንድሟ ይጮህ፣ ይሳደብ ነበር፣ ቤቱ ግን አይነካም። ለዚህ ነው የመጣችው፤ ቃሉንም አውቶቡስ ላይ ሆና ስትለማመደው ነበር። አሁን አፏን ስትከፍት ግን የሚመጣላት ሌላ ነው፤ ዕቃ ማጠቢያው ፊት ለፊት የቆመችባቸው ገናዎች፣ ወንድሟ ሲያገባ ያልተጠየቀችው ምክር፣ ከበስተጀርባዋ ሲሳቅ። ያን ሁሉ ጊዜ እናቷ ሳህን እያቀበለቻት «አይዞሽ፣ ወለሉ ነው» ትላት ነበር።

«ትሂድ» አለች።

ፋርማሲስቱ ለክርክር የሰበሰበው ትንፋሽ አፉ ውስጥ ቀረ። «ምን አልሽ?»

«ትሂድ አልኩ። አንተ ጋ ትግባ። ትለምደዋለች።»

«እትዬ» አለች ትንሿ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

 እናታቸው ቢላውን ከወንድ ልጇ እጅ ወሰደች። ኬኩን ቆራረጠችው፣ ቁራጮቹም አንዱ ከአንዱ አይበልጥም ነበር። የመጀመሪያውን ለመካከለኛዋ ሰጠቻት።

«ብዪ» አለች።

በላች። እርጥብ ነበር፣ ብርቱካኑ ይሸታል። በሕይወቷ ሙሉ የዚህ ኬክ ጣዕም ይህ መሆኑን አታውቅም ነበር፤ በውሃ አወረደችው።

ወንድሟ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለ። ነገሩ ካለቀ መዋል ማደር የለበትም የሚል ሰው ነው፤ ቁም ሳጥኑ ይቀራል፣ አልጋው ይሄዳል፣ የመድኃኒት ቤቱ ክፍል በር ግን ጠባብ ነው፣ ሰባ አምስት ሳንቲሜትር፣ ይህንንም ያንንም እያለ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ።

«ውሃ ልክ» ብሎ ከውስጥ ተጣራ። «ሜትር ይዘሻል አይደል? ነይና አልጋውን ለኪልኝ፣ በዚያ በር ይገባ እንደሆነ።»

ሄደች። ሜትሩን ከኪሷ አውጥታ በአልጋው ራስጌ በኩል ዘረጋችው፤ የቆርቆሮው ጫፍ ግን ከጠርዙ ላይ እየተንሸራተተ አልይዝ አላት። እናቷ ከኋላዋ ገባች። ጎንበስ ብላ የሜትሩን ጫፍ በአውራ ጣቷ እንጨቱ ላይ አጥብቃ ያዘችላት።

ልጅቷ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበች።

«በጎኑ ከተያዘ ይገባል» አለች።