ሄደች፣ መጣች

እህቴ ከሞተች በኋላ ልጇን ልይዝ ብዬ ጓዜን ጠቅልዬ እነሱ ቤት ገባሁ። ልጅቱ በር በር ማየት ጀምራለች። ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ ሮጣ የግቢው በር ሥር ትቀመጣለች፤ ምሳዋን እዚያው እናጎርሳታለን፤ ዝናብ ሲመጣ እየጮኸች ተሸክመን እናስገባታለን። ሁለት ዓመት የሞላት ገና በቅርቡ ነው። ምን ታውቃለች? እኛ የነገርናትን ነው የምታውቀው።

የነገርናት ደግሞ «እማ ሄደች» ብለን ነው። ሐሳቡ የአባቷ ነው። እኔ ከመጀመሪያውም አልወደድኩትም።

«ሄደች ማለት ምን ማለት ነው? ሱቅ ነው የሄደችው? ሞተች ብለህ ንገራት» አልኩት።

«እቴቴ፣ ሕፃን ናት እኮ። ሞት ምን እንደሆነ በምን ይገባታል?»

«በር ላይ መጎለቱስ ገብቷታል?»

እሱ ሲጨንቀው ዝም ነው የሚለው፤ እኔ ደግሞ ሲጨንቀኝ አፌ አያርፍም። እኔና እሱን እንዴት አድርጎ ማስማማት እንደሚቻል እህቴ ብቻ ነበረች የምታውቀው።

አንድ ቅዳሜ ብረት፣ ሰንሰለትና ቡሎን ተሸክሞ መጣ። «ዥዋዥዌ ልሠራላት ነው፤ ምናልባት ከበሩ ትነሣልን ይሆናል» አለ። ሥራው ሊፍት መጠገን ነው፤ ሰው የሚንጠለጠልበት ነገር ላይ እጁ አይቸኩልም። ከቤቱም ከአጥሩም አርቆ የብረት እግሮቹን በሲሚንቶ ቀበረ፤ ሲሚንቶው ጠጥሮ እስኪደርቅ ማንም ድርሽ እንዳይል አለ። ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ለቅሞ አሸዋ ሞላበት። ጣቷን እንዳይቆነጥጣት ብሎ ሰንሰለቱን የውሃ ጎማ አለበሰው። መቀመጫው ዙሪያውን የታጠረ ነው፤ እግር የሚወጣበት ሁለት ቀዳዳና ከፊት የሚታሰር ቀበቶ አለው። በቃ አሁን ያስቀምጣታል ስል፣ አሸዋ የተሞላ ከረጢት እየጎተተ አምጥቶ መቀመጫው ላይ ጫነና ያወዛውዘው ጀመር።

«ሕፃን ነው ወይስ በሬ የምትሰቅልበት?» አልኩት።

ሳቀ። እህቴ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ቡሎኖቹን እንደገና አጠበቀና ወደ እኔ ዞረ።

«ስሚኝ እቴቴ። ሻርፕም ሆነ ገመድ ያለው ሹራብ ለብሳ እንዳትቀመጥ። ቀበቶውን ሳታስሪ እንዳትገፊያት። ስትገፊም ቀስ ብለሽ። ለአንድ አፍታ ቤት መግባት ቢያምርሽ እንኳ አውርደሻት ነው።»

«ልጅ ያሳደግኩ ሴትዮ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ። ድገሚልኝ እስቲ።»

ደገምኩለት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሙልጭ አድርጌ እሰድበው ነበር፤ ያን ቀን ግን አንጀቴን በላው። አንዷን አጥቷል፤ ይቺን በቡሎንም በቀበቶም አስሮ ሊያስቀራት ነው የሚታገለው።

ልጅቱ ወደደችው። አባቷ ከኋላዋ ሆኖ ገፋ ሲያደርጋት «ሄደች» ይላል፤ ስትመለስለት «መጣች» ብሎ ይቀበላታል። ወዲያው ያዘችው። አሻንጉሊቷን አስቀምጠን እንድንገፋላት ታዘናለች፤ «ሄደች» እንላለን፣ «መጣች» እንላለን፣ እሷ በሳቅ ትፈርሳለች። በሩንም ተወችው። «በል፣ ረታኸኝ» አልኩት። ምሳዋን ቤት ገብታ መብላት ጀመረች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሱ ይገፋታል፣ እኔ እዚያው ልብስ አሰጣለሁ። ልጅቱ ጣቷን ወደ በሩ ቀሰረችና «እማ ሄደች» አለች።

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። መቀመጫው ተመለሰ፤ አልተቀበላትም።

«አባ፣ መጣች በል።»

መቀመጫው እንደገና ሄዶ ተመለሰ።

«መጣች በል።»

ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ትጠብቃለች። ቅንጣት አልተጠራጠረችም። የሄደ ይመጣል፤ ያስተማራትም እሱ ነው። እናቷ እንድትገባ የቀረው የአባቷ ቃል ብቻ ነው።

«አላልኩህም?» የምልበትን ቀን ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ቀኑ ሲመጣ አንዲት ቃል አልወጣችልኝም።

ዥዋዥዌውን በሁለት እጁ ያዘና አቆመው። ዞሮ መጥቶ ፊት ለፊቷ አሸዋው ላይ ተንበረከከ።

«የኔ እናት፣ እማ ሞታለች። በጣም አሟት ነበር፣ ሞተች። የሞተ ሰው አይመጣም። እማ አትመጣም።»

«ነገስ?» አለችው። ከዛሬ ሌላ የምታውቀው ቀን ነገ ብቻ ነው።

«ነገም አትመጣም።»

«ነገስ?»

«አትመጣም፣ የኔ እናት።» እንደ ልማዱ ዝም አላለም። በጠየቀችው ቁጥር መለሰላት።

ሲሰለቻት «አውርደኝ» አለች። ቀበቶዋን ፈታላት፤ እግሮቿን ከቀዳዳው አውጥቶ አሸዋው ላይ አቆማት። ወደ በሩ ትሮጣለች ብዬ መንገዷ ላይ ቆምኩ። አልሮጠችም። በሩን ዞር ብላም አላየችው። ቤት ገብታ አልጋዋ ላይ ወጣችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ከዚያ በር ሥር እንድትነሣ ስንቴ ለምኛታለሁ፣ ስንቴ ተቆጥቻታለሁ። ያን ቀን ግን «ተነሺ፣ ሂጂና እዚያው ተቀመጪ» ልላት ፈለግሁ።