ኖራ የተቀባው ሾላ

ወንድሜን በአካፋ የመታሁት እኔ ነኝ። ይሄን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ለፖሊስም አልካድኩም። የማያውቁት ሌላ ነገር ነው።

የመናፈሻው አትክልተኛ ከሆንኩ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጎረምሶቹ «ተርብ» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው፣ አበባ ሲረግጡ ካየሁ አልምርም። ባለፈው ዓመት መናፈሻው ይታደስ ተባለና ስብሰባ ተጠራን። ለሽማግሌዎች መቀመጫ፣ ለወጣቶች የኳስ ሜዳ፣ ለወፎች ኩሬ። መሐንዲሱ ሜዳውን የሳለው ሽመላዎቹ የሚፈለፍሉበት ትልቁ ሾላ ላይ ነበር። ብድግ አልኩና «መጀመሪያ እኔን ቁረጡኝ!» አልኩ። ሰው ሳቀ። እኔን ግን ሳቅ አልመጣኝም።

ያን ቀን ያዳኑኝ እነዚያው ጎረምሶች ናቸው። የቡድናቸው አምበል ተነሳና «ከሜዳችን ግማሹን እንተዋለን፤ ዛፉ ይኑር» አለ። ግማሽ ሜዳ ለኳስ ተጫዋች ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አለቀስኩ፤ ተርብም ታለቅሳለች።

በመጨረሻ መሐንዲሱ የሚቆረጡት ዛፎች ግንዳቸው ዙሪያውን ቀለም እንደሚቀባ ተናገረ። ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ አልጠየቅኩም። የእኔ ሾላ እንደሆነ ተርፏል፤ የሌላው ቀለም ምን ገዶኝ!

ዛፍ ቆራጩ ታናሽ ወንድሜ ነው። እናታችን ስትሞት አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ሥራውንም ለምኜ ያስገባሁት እኔው ነኝ።

ቆረጣው በተጀመረበት ሰኞ ጠዋት ከበሩ ስገባ የሞተር መጋዝ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ሮጬ ስደርስ ሾላው ተጋድሟል። ጎጆዎቹ ተበታትነዋል። አንዱ ጫጩት አንገቱ ተቀጭቶ ክንፉ ገና ይርገፈገፋል፤ ሌላው ቅርንጫፍ ስር ተደፍጥጦ ደሙ ላባውን አርሶታል። ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቶኝ የጆሮ መከላከያውን አውልቆ ላቡን ይጠርጋል።

ዓይኔን ደም ጋረደው። አካፋውን በሁለት እጄ አነሳሁና ቀኝ ጆሮው ላይ አሳረፍኩት።

«እትዬ!» ብሎ በጉልበቱ ወደቀ። ከጆሮው ደም ተንዠቀዠቀ። «ምልክት… ነበረው እኮ!»

ለልምምድ የመጡት ጎረምሶች ያን ጊዜ ደረሱ። አምበሉ ዛፉን አየ፣ ወንድሜን አየ።

«ለጣውላ ነጋዴ ሸጥከው አይደል? አንተ ሌባ!» ብሎ አፉን በጫማው መታው። ጥርሱ ከደም ጋር ሣሩ ላይ ወደቀ። ሌሎቹ ቅርንጫፍ ሰብረው ወረዱበት፤ ድንጋይ ያነሳም ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ እግሬ አውጪኝ አሉ። እኔስ? «በሉት!» አልኩ። በአፌ። ያሳደግኩትን ልጅ።

ዱላውን ላለማየት ይሁን እንጃ ዓይኔ ወደ ግንዱ ዞረ። ዙሪያውን ነጭ ተቀብቷል። ማዶ የተቆረጡት ባህር ዛፎች ግንድ ላይም እሁድ እኔ በሌለሁበት የተቀባ ያው ነጭ ቀለም አለ።

ያ ነጭ የእኔ ኖራ ነው። በየዓመቱ ምስጥ እንዳይበላው ግንዱን ኖራ እቀባዋለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ለእድሳቱ ማስጀመሪያ ለሚመጡት እንግዶች እንዲያምር ብዬ ደህና አድርጌ ቀባሁት። ባልዲዬ እዚያው አግዳሚ ወንበሩ ስር ቁጭ ብሏል።

«ተዉት! እኔ ነኝ የቀባሁት!» እያልኩ ጮህኩ። በዚያ ጩኸት መሃል ማን ይሰማኛል? ወንድሜ ላይ ተደፋሁበት። ለእሱ የተወረወረ ድንጋይ ትከሻዬን ሰበረው፤ አጥንቴ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ተርብ መሆኔን ሲያዩ ደንግጠው ተበተኑ።

አምቡላንስ መጥቶ ወንድሜን ወሰደው። እኔንም ካልወሰድንሽ ብለው ሲያስቸግሩኝ «እከተላለሁ» አልኳቸው። ከዚያ በአንድ እጄ የውሃ ጎማውን ጎትቼ ግንዱን አጠብኩት። ያልጠነከረ ኖራ በውሃ ይለቃል። የቀረውን በመጥረጊያ ፈተግኩት። ፖሊስ ሲደርስ ግንዱ ርጥብ ነበር፤ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም።

ምልክት የለም ተባለ፤ መሐንዲሱ ዝርዝሩን ሲያይ ሾላው የለበትም፤ ባልደረቦቹም ፈርተው «አላየንም» አሉ። ወንድሜን አባረሩት። ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ሾላ ሻጩ» ይለዋል። እኔም ምንም አልተናገርኩም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ግን ነቅዟል።

አሁን እኔ ጋ ነው የሚኖረው። ቀኝ ጆሮው ሞቷል።

«ነጭ ነበር እኮ፣ እትዬ» ይለኛል አንዳንዴ። «ተጠራጥሬም ነበር። አንቺን ልጠይቅሽ ብዬ፣ ትቆጪኛለሽ ብዬ ተውኩት።»

ምግብ ሲቀርብ ሁልጊዜ በቀኙ በኩል እቀመጣለሁ። ድምፄን ሳልቀንስ «እኔ ነኝ የቀባሁት» እለዋለሁ። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያያል መሰለኝ፣ ዞር ይላል።

«ምን አልሽ?»

«ብላ፣ ይቀዘቅዛል ነው ያልኩት።»