የአጽናኟ ተራ

«ከአቅም በላይ አይሰጥም፣ እትዬ!» አለች ጸሐፊዋ የመበለቷን ጉልበት ጨበጥ አድርጋ። ከዚያ ዝም አለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀጥሎ ረጅም ትንፋሽ።

ባሏ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። መበለቷ ዝምታውን አወቀችው፤ ትንፋሹንም አወቀችው። እንዴት አታውቀው! አሥር ዓመት የቤተ ክርስቲያኑን የአጽናኞች ቡድን ስትመራ፣ ይህችኑ የቡድኑን ጸሐፊ ቁጭ አድርጋ «እስከ ሦስት ቁጠሪና ተንፍሺ» እያለች ያሠለጠነቻት ራሷ ናት። አሁን የገዛ መድኃኒቷን በማንኪያ እየጋቷት ነው። ለካ እንዲህ ይመር ኖሯል።

«ተሸካሚ ሲያገኝ ነው እንዴ የሚጭነው?» አለች።

ጸሐፊዋ ደነገጠች። የዚህ መልስ ሥልጠናው ላይ የለም።

«በርቺ ብቻ፣ እትዬ። ማጉረምረም…»

«አይገባም። አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ ያልኩት።»

ሻይ የያዙት የቡድኑ አባላት ተያዩ። «እሷ እንዲህ ከሆነች እኛማ አለቀልን» ብሎ አንዱ ሲያንሾካሽክ ሰማችው።

ባለቤቷ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ዕድሜውን በሰው ዕቃ ማጠቢያ ሥር በጀርባው ተኝቶ ስለጨረሰ፣ ጸሎቱም ከጉድጓድ ወደ ላይ እንደሚጣራ ሰው ነበር፤ «ኧረ በላይ ያለኸው! ይሰማል?» ኩላሊቱ ከታመመ ወዲህማ ባሰበት። «ትናንት ነግሬህ ነበር። ዛሬም መጥቻለሁ። ነገም እመጣለሁ» ይላል በየማለዳው።

«ጸሎት ነው አቤቱታ?» ትለዋለች በኀፍረት።

«ባለጉዳይ ካልተመላለሰ ጉዳዩ መቼ ያልቃል? አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ባለቀሰ ቁጥር ቧንቧ እንደፈነዳ ትሮጫለሽ። አንዳንዱ ውሃ እኮ ይውረድ!»

በመጨረሻው ጠዋት፣ ሆስፒታል አልጋው ላይ፣ ድምፁ ሰልሎ፣ «ዛሬ ደክሞኛል፤ እስቲ አንቺ አጉረምርሚልኝ» አላት። እሷ ግን እጁን ጨብጣ፣ «በርታ፣ ከአቅም በላይ አይሰጥም» አለችው። ሦስት ቆጠረች። ተነፈሰች። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከሰዓት በኋላ ዐረፈ።

«እንግዲህ እትዬ፣ እንደተለመደው በጸሎት ዝጊልን» አለች ጸሐፊዋ። ሁሉም አንገቱን ደፋ።

መበለቷ ባሏ ካረፈባት ቀን ወዲህ አንዲት ቃል አልጸለየችም። ሰው መልስ የማይሰጠውን ደጅ ስንት ጊዜ ያንኳኳል? ትታው ብትቀርስ? «ሌላ ሰው ይዝጋ» የሚለው ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር።

«ጌታ ሆይ» አለች በምትኩ፣ በሻከረ ድምፅ። «ተናድጄብሃለሁ። ሁለት ዓመት ለመነህ። እኔም ለመንኩህ፣ ያውም በጨዋ ቋንቋ። ምን አተረፍን? ይኸው ከአቅሜ በላይ ሆነ፤ እኔን ማጽናናት እንዲህ ቀላል ከሆነ አንተው ራስህ ናና አጽናናኝ!»

ጸሐፊዋን ሳል ሳል አላት። አንድ ጡረተኛ ጎረቤት ከበሩ አጠገብ፣ «አሜን» አሉ። «ቀጥዪ ልጄ።»

«ሌላ የምሄድበት ደጅ የለኝም። ወደድክም ጠላህም፣ ነገም እመጣለሁ። እሱ ደክሞት ነው ዛሬ እኔ የመጣሁት…»

እንባዋ ቀደማት። አልቆጠረችም፣ አልተነፈሰችም። ዓይኗን እንደጨፈነች ቀኝ እጇን አጠገቧ ባለው ባዶ ወንበር ላይ፣ የሚጨብጣት እንዳለ ሁሉ መዳፏን ወደ ላይ ዘርግታ አኖረችው።